ስፓይደርማን ወዲያው ጀግና ሆነ?

ጥያቄ፦ ስፓይደርማን ሸረሪቷ እንደነከሰችው ነው ወንጀለኛ ማሳደድ የጀመረው?

መልስ፦ ኧረ በጭራሽ! ታሪኩን የምወደውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ስታን ሊ ጽፎት ስቲቭ ዲትኮ በሳለው የመጀመሪያው የስፓይደርማን ኮሚክ (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት)፣ ኋላ ስፓይደርማን የሚሆነው ተማሪው ፒተር ፓርከር ኃይሉን ካገኘ በኋላ ጭምብል አጥልቆ ቴሌቪዥን ላይ ትርኢት ማሳየት ጀመረ። ዝናና ገንዘብ አማረው። አንድ ቀን ፖሊስ የሚያባርረው ሌባ በአጠገቡ ሮጦ ሊፍት ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ አየው። ምን አገባኝ አለ። ጉልበቱ እያለው!

ከዚያ አጎቱ ቤን ተገደለ። ገዳዩን መጋዘን ውስጥ ሲይዘው ፊቱን አየ፤ ያው ሌባ ነው። አንጀት ይበላል። ከታላቅ ኃይል ጋር ታላቅ ኃላፊነት ይመጣል የሚለውን ዝነኛ አባባል ብዙዎች የአጎቱ ይመስላቸዋል። በዚያ ኮሚክ ግን መጨረሻው ሥዕል ላይ የተጻፈ የተራኪው ቃል ነው።