የነጋዴ ሪፐብሊክ በክሩሴደር ኪንግስ 2፦ ብርህን ዶጁ ወንበር ላይ አታፍስስ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ሁለት ነገር ነው። በክሩሴደር ኪንግስ 2 (የመካከለኛው ዘመን ሥርወ መንግሥት የምትመራበት የኮምፒውተር ጌም) ንጉሥ ሆነህ ስትጫወት በግዛትህ ውስጥ የነጋዴ ሪፐብሊክ (በነጋዴ ቤተሰቦች የሚመራ ግዛት) እንዴት ይፈጠራል? ቬኒስን ይዘህ ስትጫወትስ ዶጁ (የሪፐብሊኩ ተመራጭ መሪ) በሞተ ቁጥር ለምን ባዶ እጅህን ትቀራለህ? ሁለቱንም በደንብ ስላየኋቸው ልንገርህ። ጌሙን ታውቀዋለህ ብዬ ስለ ጋብቻና ስለ ጦርነት አልጀምርልህም።

1. ከሁሉ በፊት «ዘ ሪፐብሊክ» የሚባለው ዲኤልሲ (በዋናው ጌም ላይ የሚጨመር ክፍል) እንዳለህ እይ። ዋናው ጌም ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ነው። ይሄኛው ግን በ2013 ለብቻው የወጣ ነው፣ የሚሸጠውም ለብቻው ነው። ያለሱ ቬኒስን ካርታው ላይ ታያታለህ እንጂ አትጫወትባትም። ይሄን የምለው ስላቃጠለኝ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ ጌም የሚጭን አንድ ሱቅ «ሁሉም ዲኤልሲ አለው» ብሎ ብሬን ተቀበለኝ። ቤት ሄጄ ስከፍተው ቬኒስ አትመረጥም። ተመልሼ ስሄድ ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ስንጭነው ይሠራ ነበር» አለኝ። ስንጭነው! በኋላ ውጭ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው በቅናሽ ሰሞን ገዝቶ የላከልኝ። ሰው ካለህ ቅናሽ ጠብቀህ አስገዛ፣ ከሱቅ ጋር አትድረቅ።

2. አፈጣጠሩ ቀላል ነው። ንጉሥ ወይም ንጉሠ ነገሥት መሆን አለብህ፤ ዶጁ ራሱ የመስፍን ማዕረግ ስላለው መስፍን ሆነህ አትፈጥረውም። የባሕር ዳርቻ ካውንቲ (ትንሽ አውራጃ) ምረጥ፣ ውስጡ ከተማ ይኑረው። ለከተማው ከንቲባ መጀመሪያ ካውንቲውን፣ ከዚያ የዱቺውን (ካውንቲዎችን የሚያቅፈውን የመስፍን ግዛት) ማዕረግ ስጠው። በቃ። ለዶጅነት የሚወዳደሩት ቤተሰቦች 5 ናቸው፤ ቀሪዎቹን 4 ጌሙ ራሱ ያመጣቸዋል። ለባላባት ከሰጠኸው ሌላ ተራ መስፍን ነው የምታገኘው። ባሕር የማይነካ ቦታ ከሆነም ተራ ሪፐብሊክ ይሆናል፣ ትሬድ ፖስት (ዳርቻ ላይ የሚከፈት የንግድ ጣቢያ) የሚባል ነገር የለውም። አንተ ራስህ ከንጉሥነት ወደ ዶጅነት መቀየር አትችልም። የፈጠርከውን ሪፐብሊክ ሰዎች ሆነህ ለመጫወት ካማረህ በኮንሶል (ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት) «play» የሚለውን ትዕዛዝ ከሰውየው ቁጥር ጋር ጻፍ። አይረንማን (ኮንሶል የማይፈቀድበት አጨዋወት) ላይ ከሆንክ ግን እርሳው።

3. ትሬድ ፖስት አትበትን። ጀማሪ ሁሉ እስክንድርያን ሲያይ ይጎመጃል። ጎን ለጎን የተያያዙ ሲሆኑ ነው ገቢው የሚያብጠው። ስለዚህ ከቬኒስ ተነስተህ የዳልማትያን ዳርቻ ዛዳር፣ ራጉሳ እያልክ ወደ ታች ውረድ። የምትይዘው ብዛት በቤተሰብህ አዋቂ ወንዶች ቁጥር ይወሰናል። ስለዚህ ልጅ አስወልድ፤ ወንድምህንም አጎትህንም ዳር።

4. አሁን ወደ ዋናው ነገር። ተራ ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ይሄኛው ረጅም ነው።

ዶጅነት የኪራይ ቤት ነው። አንተ ዶጅ ስትሆን ቬኒስ ከተማዋ በእጅህ ናት፣ ገቢዋ ያጓጓል፣ ወዲያው ግንባታ ትጀምራለህ። እዚህ ግሩፕ ላይ ስክሪንሾት የሚለጥፉት አብዛኞቹ እንደዚያው ናቸው። ቬኒስን አሳምረው ሲጨርሱ ሽማግሌው ይሞታል፤ ምርጫውን ሌላ ቤተሰብ ይወስዳል። ማዕረጉም ከተማዋም ከነግንባታዋ ለአዲሱ ዶጅ ይሄዳሉ። ለአንተ የሚቀርልህ የቤተሰብህ ቤተ መንግሥት፣ ትሬድ ፖስቶችህና ካዝናህ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን አሳድግ፣ ቀጥሎ ትሬድ ፖስቶቹን። ከተማዋን የምትነካው ብር ከተረፈህ ነው።

ምርጫው ደግሞ ሚስጥር አይደለም። ዕድሜ፣ ክብር (ፕሬስቲጅ የሚለው) እና የምርጫ ካዝና ውስጥ የምታስገባው ወርቅ ተደምረው ነው ሰው የሚያሸንፈው። እውነተኛዋ ቬኒስ ከ1268 ጀምሮ ዕጣና ድምፅ እያፈራረቀች መጨረሻ ላይ 41 መራጮች ታወጣ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ ምርጫውን እንዳይጠልፈው። ጌሙ ግን እንደዚህ አይደክምም፣ ወርቅ ይበቃዋል። የቤተሰብህ ወራሽ ልጅህ ሳይሆን በዕድሜ ትልቁ ወንድ መሆኑን አትርሳ። ሰው ይሄን ይጠላዋል፤ ሽማግሌዎች ቶሎ ቶሎ ይሞታሉ፣ አንዱን ሳትለምደው ሌላው ይመጣል። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ዕድሜ ራሱ ነጥብ ነዋ! የኔ ዶጅ ታሞ አልጋ ላይ ሲወድቅ ጌሙን አቁሜ የምርጫውን ገጽ ከፈትኩ። አምስቱ ፊቶች ተደርድረዋል፤ የኔው አጎት ሁለተኛ ነው። ከላዩ ያለው ሽማግሌ በትንሽ ነው የሚበልጠው። ያለኝን ወርቅ ጠራርጌ የምርጫ ካዝናው ውስጥ ከተትኩ፣ አጎቴ ወደ አንደኛ ወጣ፣ ጌሙን ለቀቅኩት። ብዙም ሳይቆይ ዶጁ ሞተ፤ ወንበሩ እኛው ቤት ቀረ። ስለዚህ ወርቅህን ዓመቱን ሙሉ እዚያ አታስቀምጥ፣ ነገር ግን የቅርብ ክምችት ይኑርህ። ዶጁ ሲታመም ካዝናህ ባዶ ከሆነ ማንም አይደርስልህም።

አንድ ነገር ቀረኝ፣ ኢምባርጎ (ንግድህን ለመዝጋት የሚከፈትብህ ጦርነት)። ዳርቻው ላይ ብዙ ትሬድ ፖስት የከፈትክበት ትልቅ ንጉሥ አንድ ቀን ይነሳብሃል፤ በተለይ ባይዛንታይን። ጌሙ አላጋነነም። በ1171 ንጉሠ ነገሥት ማኑኤል በግዛቱ ያሉትን ቬኒሳውያን በአንድ ቀን አሳስሮ ንብረታቸውን ወርሷል። እዚያ ዳርቻ ላይ ከመስፋፋትህ በፊት ለቅጥር ጦር የሚበቃ ወርቅ ይኑርህ።

3ኛውን ክፍል ለምን እንደማልጫወት ደግሞ ሌላው ልጅ ጠይቆኛል። በ2020 ሲወጣ ሪፐብሊኮቹ አይመረጡም ነበር፤ ያኔ ተናድጄ እዚሁ 2 ላይ ቀረሁ። አንተ ግን የየትኛው ዓመት አጀማመር ላይ እንዳለህ አልጻፍክም። የ1066ቱ ከሆነ የምርጫ ገጽህን ፎቶ አንሥተህ ለጥፈው፣ ማን እየቀደመህ እንደሆነ እንየው።