«ሽጉጡ ከቤት ይውጣ ማለቴ እምነት ማጣት ነው?» (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምንኖረው አሜሪካ ነው። ባለቤቴ ሥራ ካቆመ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፣ ከሰው አይቀላቀልም፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ማለት ጀምሯል። መኝታ ቤት ሽጉጥ አለው። ይውጣልን ስለው ጌታም ሰይፍ ግዙ ብሏል ይለኛል። ዘመዶቹ ደሞ ጸበል ይበቃዋል፣ ሐኪምም ሽጉጥ መደበቅም እምነት ማጣት ነው አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ስለ ጸሎቱና ስለ ጸበሉ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። ያቺን የሉቃስ 22 ጥቅስ ግን ስንቱ ሰው እንደጠቀሰልኝ! ሁሉም «ልብሱን ሽጦ ሰይፍ ይግዛ» ላይ ያቆማል፣ ሁለት መስመር ወረድ አይልም እኮ። ደቀ መዛሙርቱ ሁለት ሰይፍ አለ ሲሉት «ይበቃል» ነው ያላቸው፣ ለአሥራ አንድ ሰው ሁለት ሰይፍ የምን ውጊያ ነው? በዚያው ሌሊት ጴጥሮስ ሲመዝ ደሞ ወደ ስፍራው መልስ ተባለ፣ የተቆረጠውንም ጆሮ ጌታ ፈወሰው። ባልሽ በአገሩ ሕግ መሣሪያ መያዝ መብቱ ነው፣ እሱን አልከራከርም፣ ግን የመብት ጥያቄ ነውና ወንጌሉን አይጎትትበት።

አሁን ወደ ዘመዶቹ ልምጣ። ሳኦልን ክፉ መንፈስ ሲያስጨንቀው ዳዊት በገና ይደረድርለት ነበር። መጽሐፉ ግን እዛው ላይ «በሳኦልም እጅ ጦር ነበረ» ይላል (1ኛ ሳሙ. 18)። በገናው እየተደረደረ ጦሩ ተወረወረ! ጸበሉን ማንም አልከለከለም፣ እኔም ሂዱ እላለሁ፣ ግን በገናውን እየደረደሩ ጦሩን እጁ ላይ መተው እምነት አይባልም፣ ቸልተኝነት ነው። ሐኪሙም ጋ ይሂድ፣ ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም።

እዚህ አገር ሰው በጅምላ በተገደለ ቁጥር አንዱ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ሌላው የአእምሮ ሕመም ነው እያለ ይጨቃጨቃል፣ በዚህ መሃል የታመመ ሁሉ ገዳይ ይመስለናል። አብዛኛው ሕመምተኛ እኮ ማንንም አይነካም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላው ነው፣ በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃና በሽጉጥ ከሞቱት 48,830 ሰዎች 26,328ቱ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ያ ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚያልፍ ነው፣ ሽጉጥ ግን እስኪያልፍ አይጠብቅም፣ ለጸጸት ጊዜ አይሰጥም። ከሙከራ የተረፉት አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አጥፍተው አይሞቱም፣ ስለዚህ ጊዜ መግዛት ራሱ ማዳን ነው።

ስለዚህ ረጋ ባለበት ሰዓት ንገሪው፣ «ላዋርድህ ሳይሆን እስኪሻልህ ነው» በዪው። የሚያምነው ወንድም ወይ ጓደኛ ይያዝለት፣ ሕጉ በየስቴቱ ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ እስከዚያ ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ ቁልፉም እሱ ጋ አይሁን። እምቢ ካለ ወይ የሚቆጣ ከሆነ ብቻሽን አትታገዪ፣ ብዙ ስቴቶች ፍርድ ቤት ለጊዜው እንዲያስወስድ የሚፈቅድ ሕግ አላቸው። «ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፣ ጥያቄው ሐሳቡን አይጨምርበትም፣ እንዲያውም ብዙ ሰው ሲጠየቅ ይተነፍሳል። 988 ራስን የማጥፋት ሐሳብ ለያዘውና ለቤተሰቡ የተዘጋጀ የእርዳታ ስልክ ነው፣ ቀንም ሌሊትም ያነሳሉ፣ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ሽጉጡን አንስቶ ከሆነ ደሞ ልጆቹን ይዘሽ ውጪና ወደ አስቸኳይ አደጋ ስልኩ 911 ደውዪ።

የፊልጵስዩስ ወኅኒ ጠባቂ ሰይፉን መዞ ራሱን ሊገድል ሲል ጳውሎስ አልገሠጸውም፣ እምነትህ የት አለ አላለውም። «ሁላችን ከዚህ አለንና በራስህ ክፉ ነገር አታድርግ» ብሎ ጮኸለት። ባልሽ «ባልኖር ይሻላችኋል» ሲል መልሱ እሱ ነው፣ ሁላችን ከዚህ አለን። ዛሬውኑ ደውዪልኝና ከእሱ ጋር አገናኚኝ።