ትልቅ ሽንኩርት ሁሉ አንደኛ ደረጃ አይደለም

ጅማ ላይ የሽንኩርት ጅምላ መሸጫ ሊከፍቱ መሆኑን ገልጸው፣ አስረካቢው ነጋዴ «ትልልቁ አንደኛ፣ ትንንሹ ሁለተኛ ደረጃ ነው» ማለቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለጠየቁን ወንድማችን፤ ጤና ይስጥልኝ። ከመቂና ከባቱ በአይሱዙ የሚመጣውን ቀይ ሽንኩርት እዚህ ጅማ ተረክቤ በመሸጥ ብዙ ዓመት ስለቆየሁ፣ ያየሁትን ልንገርዎ።

መጠን ዋጋን ይለውጣል፤ ደረጃን ግን ብቻውን አይወስንም። የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለዓለም አቀፍ ንግድ ያወጣው መመዘኛ እንኳ ሽንኩርትን በሁለት ደረጃ ሲከፍል በዝቅተኛነት የሚጠይቀው ስፋት 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ አጥብቆ የሚመለከተው ያልበሰበሰ፣ ያልበቀለ፣ ጠጣርና በሚገባ የደረቀ መሆኑን፣ በአንድ ጆንያ ውስጥ ያለውም መጠኑ የተቀራረበ መሆኑን ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው የአንገቱ፣ ማለትም ቅጠሉ የሚወጣበት የላይኛው ጫፍ፣ ድርቀት ነው። ሽንኩርት ቶሎ የሚያቆጠቁጠው ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ የጅማ አየር ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ከዚያው አካባቢ አይርቅም፤ ክረምቱ የሚያመጣው እርጥበት ሲጨመርበት ለመቂ ገበያ ደህና የነበረው ሽንኩርት እዚህ ሲደርስ ዕድሜው ያጥራል። አንድ ሐምሌ ወር ላይ መጠኑ ዓይን የሚሞላ 40 ኩንታል ተረክቤ፣ በአሥረኛው ቀን ሲሶው ከአንገቱ ጀምሮ በስብሶ አገኘሁት። በአውራ ጣቴ ተጭኜው ቢሆን ኖሮ አንገቱ ወፍራምና ለስላሳ መሆኑን ገና ከመኪናው ላይ ሳይወርድ አውቅ ነበር። እንዲህ ያለው ሽንኩርት አብዛኛውን ጊዜ ዩሪያ ማዳበሪያ ዘግይቶ የተጨመረበት፣ ውኃውም እስከሚነቀልበት ቀን ድረስ ያልተቋረጠበት ነው። ቅጠሉ ከግማሽ በላይ ሲተኛ የተነቀለና ጥላ ሥር ተዘርግቶ የደረቀ ከሆነ ግን አንገቱ ይከስማል፤ የውጭ ልጣጩም በእጅ ሲያሹት ይንኮሻኮሻል።

መንታ የሆነውን፣ ልጣጩ የተገፈፈውንና ትንንሹን በሁለተኛ ደረጃ ቢረከቡት ጉዳት የለውም። አበባ አውጥቶ መሐሉ ላይ ጠንካራ ግንድ የያዘውን ግን በየትኛውም ዋጋ አይቀበሉት፤ ባለ ምግብ ቤቶች አንዴ ከገዙት በኋላ ወደ እርስዎ አይመለሱም።

ሲረከቡ ከላይ የተደረደረውን ብቻ አይዩ። ከጭነቱ መሐልና ከታች ሁለት ሁለት ጆንያ አስወርደው ያስገልብጡና 100 ፍሬ ይቁጠሩ፤ ከመቶው ጉድለት ያለበት ከ10 ካለፈ በአንደኛ ደረጃ ዋጋ አይረከቡ። ይህንንም ሒሳቡ ከመከፈሉ በፊት፣ ሾፌሩና ደላላው በቆሙበት ያድርጉት፤ ሽንኩርቱ መጋዘን ከገባ በኋላ የሚቀርብን ቅሬታ የሚሰማ የለም።