ራውል ኩታር የፓሪስን ምሽት ያለ ተጨማሪ መብራት እንዴት ቀረጸ?

ፈረንሳዊው የካሜራ ባለሙያ ኩታር እ.ኤ.አ. በ1959 የዳይሬክተር ዣን-ሉክ ጎዳርን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም ሲቀርጽ የምሽቱን ጎዳና ያለ ተጨማሪ መብራት እንዴት እንዳነሣ ጠይቀዋል፤ ምስጢሩ ያለው በፊልሙ ጥቅል ላይ ነው። እነ ኩታር ለፎቶግራፍ ብቻ ይሸጥ የነበረውን፣ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራውን የኢልፎርድ ኤችፒኤስ ፊልም 17.5 ሜትር 17.5 ሜትሩን እየቀጣጠሉ በካሜፍሌክስ ካሜራ ተጠቀሙበት፤ በእጥበትም ጊዜ ብርሃን የመቀበል አቅሙን እጥፍ አደረጉት። ኩታር በኢንዶቺና ጦርነት ፎቶግራፍ አንሺ ስለነበር፣ ባገኘው ብርሃን መሥራትን የለመደው ቀደም ብሎ ነው፤ እኔም ከሁሉ አብልጬ የማደንቅለት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። እኔ በዚህ መንገድ ባጠብኩት የመጀመሪያ ጥቅል ላይ ጥላ ያረፈበት የፊት ጎን ዓይኑ እንኳ ሳይለይ ጠቁሮ ቀርቶብኛል፤ ስለዚህ ዋናውን ቀረጻ ከመጀመርዎ በፊት አጭር ቁራጭ አንሥተው አሳጥበው ይዩት።