ዓይኑ ቢጫ ለሆነው ወንድምሽ፦ በእኛ ቤት የደረሰው

እህቴ፣ የወንድምሽ ዓይን ቢጫ ከሆነ ስምንት ቀን እንዳለፈውና ሽንቱም እንደ ሻይ እንደ ጠቆረ ጽፈሻል። እናታችሁ «የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም አያውቀውም» ብለው ቅጠል አዋቂ ዘንድ ሊወስዱት ነው። አንቺ ደግሞ ጉበቱ ደክሞ እንደሆነ በምን ይታወቃል፣ እኛስ ምን እንጠንቀቅ ብለሽ ጠይቀሻል።

ነገ ጠዋት ሆስፒታል ውሰጂው። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ነገን አትጠብቂ፤ ሌሊትም ቢሆን ዛሬውኑ ይሂድ።

ታላቅ ወንድሜ ጣና ላይ ዓሣ በማጥመድ የኖረ ሰው ነበር። ዓይኑ ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ተባለ፤ እኛም አመንን። 11 ቀን መራራ ቅጠል ጠጣ። መጀመሪያ የተሻለው መስሎን ነበር። ከዚያ እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ተወጠረ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት እየነቃ ያድር ጀመር። አንድ ምሽት የገዛ ልጁን ስም አጣው። እጁን ዘርጋ ስንለው መዳፉ እንደ ወፍ ክንፍ ይርገፈገፍ ነበር። ያን ጊዜ ነው ተሸክመን የሮጥነው።

ሐኪሙ በረጋ ቃል ያስረዳኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቢጫነት ምልክት እንጂ በሽታው ራሱ አይደለም። ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣል፤ ጉበት አጣርቶ ካላስወገደው ዓይንና ቆዳ ላይ ይታያል። ደም የሚያረጉትን ነገሮችና ውኃን በደም ሥር ውስጥ የሚይዘውን አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን የሚሠራውም ጉበት ነው። ሲደክም ትንሽ ቁስል ብዙ ይደማል፤ ሆድና እግር ውኃ ይይዛሉ። ከአንጀት የሚመጣው አሞንያ ሳይጣራ ወደ አንጎል ሲደርስ ደግሞ ሰው ይደነጋገራል። የወንድሜን ጉበት ያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ የሚባል ቫይረስ ነበር። በሕፃንነቱ ሳይዘው አልቀረም ተብለናል፤ በጨቅላነታቸው ከተያዙት ልጆች ከ10 ዘጠኙ ያህል ቫይረሱን ይዘው ያድጋሉና። ጉበቱ ለዓመታት በዝምታ ሲጠባበስ፣ ማለትም እየቆሰለ ጠባሳ ሲይዝ፣ ኖሮ ነው አንድ ቀን ዓይኑ ላይ የታየው።

ቅጠሉ ገደለው አልልም፤ ጠባሳው የቆየ ነበር። የሚያንገበግበኝ በውስጡ ምን እንዳለ ማንም የማያውቀውን ነገር ለደከመ ጉበት ማሸከማችን ነው። ቅጠል አዋቂዎች ለምን እንደሚመሰገኑም የገባኝ በኋላ ነው። በተበከለ ውኃና ምግብ የሚመጡት ሄፓታይተስ ኤ እና ኢ አብዛኛውን ጊዜ በራሳቸው ይድናሉ። ሰውየው ያለ ቅጠሉም ይድን ነበር፤ ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። ሄፓታይተስ ኢ ግን ነፍሰ ጡርን ሊገድል ይችላል። የሐሞት ጠጠርም፣ ከባድ ወባም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። ስለዚህ በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ፣ የቢሊሩቢንና የአልቡሚን መጠን፣ ደሙ ለመርጋት የሚወስደው ጊዜ፣ የሆድ አልትራሳውንድ እንዲታዩለት ጠይቂ።

ወንድምሽ በሐይቁ ውስጥ የሚሠራ ወይም የሚዋኝ ከሆነ ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩ። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ከቀንድ አውጣ የሚወጣው ጥገኛ ተሐዋሲ በውኃው ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል፤ ሳይታከም ሲቆይ በጉበት ያሉትን የደም ሥሮች ያጠብባል፤ ሰውየው ዓይኑ ቢጫ ሳይሆን በድንገት ደም ሊያስመልሰው ይችላል። ተሐዋሲውን የሚገድል ፕራዚኳንቴል የሚባል ክኒን አለው።

ወንድሜ ከሆዱ ውኃ ተቀዳለት፤ አንጀቱን የሚያጸዳ ሽሮፕና ቫይረሱን የሚገታ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ቴኖፎቪር የሚባል ክኒን ታዘዘለት፤ ጨው ተከለከለ። ሦስት ዓመት ከልጆቹ ጋር ኖረ። ቀድመን መርምረነው ቢሆን ኖሮ ያው ክኒን ጉበቱ ሳይጠባበስ ይደርስለት ነበር።

ስለዚህ አንቺም ለሄፓታይተስ ቢ ተመርመሪ፤ ሚስቱም፣ ልጆቹም፣ እናታችሁም። እኛ ቤት ሁላችንም ስንመረመር አንዲት እህቴ ተገኘባት፤ ምንም ሳያማት ክትትል ጀመረች። እኔ ነፃ ሆኜ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ክትባት ወሰድኩ። በአገራችን ክትባቱ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለድነው አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና በወሊድ ይተላለፋል። ምላጭ አትጋሩ። አብሮ መብላት ግን አያስተላልፍም። እኛ ሳናውቅ ለወንድሜ ኩባያ ለየንበት፤ ለብቻው ሲጠጣ የነበረው ፊቱ ዛሬም ይታየኛል። እናንተ ይህን አታድርጉበት።

አረቄም ሆነ ጠላ፣ ለታመመ ጉበት ጥቂቱም ብዙ ነው። እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያለ የሕመም ማስታገሻ በራሱ ገዝቶ አይዋጥ፤ ፓራሲታሞልም ሐኪሙ ከፈቀደለት መጠን አይለፍ። የሻገተ በቆሎና ለውዝ ጣሉ፤ የሻጋታው መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ቡና የሚወድ ከሆነ አትከልክሉት፤ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው የመጠባበስ ዕድሉ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። በጣና ዳር ቡና የሚያለማው የዘጌ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል።

ከእናታችሁ ጋር አትጣሉ። እኔ እናቴን በክርክር ላሳምናት ሞክሬ አልሆነልኝም። ጠበሉንም ጸሎቱንም አላስቀረሁም፤ የንስሐ አባታችንን ብቻ ለመንኳቸው። ጉበቱ የተጠባበሰ ሰው ረጅም ሰዓት ሳይበላ ሲቆይ ሰውነቱ ጡንቻውን ይበላልና ከመኝታ በፊት እንኳ መቅመስ አለበት ብዬ አስረዳኋቸው። እሳቸውም ሕመምተኛ በጾም አይገደድም ብለው ነገሯት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቴ ራሷ አጥሚቱን ሳታጠጣው አትተኛም ነበር።

ወንድምሽ ቅጠሉን ቀምሶ ከሆነም አትደብቁ። ሐኪሙን አትፍሩት፤ የተረፈውን በላስቲክ ቋጥራችሁ ይዛችሁለት ሂዱ።