ጌም ለምትሠሩ ልጆቼ፦ ከተጫዋቹ ጎን ዝም ብላችሁ ተቀመጡ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ሰሞኑን ወደ ቢሮዬ የምትመጡት በዝታችኋል። የሠራችሁትን ጌም ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ፣ ገና ሳትቀመጡ «ጋሼ፣ እስቲ ይሞክሩት» ትሉኛላችሁ። እኔ በናንተ ዕድሜ እዚሁ ጎንደር ኮምፒውተር ለመንካት ተራ ስጠብቅ ነበር የምውለው። እናንተን ሳይ ልቤ ሙሉ ይሆናል።

ሁላችሁም ግን የምትጠይቁኝ ያው አንድ ጥያቄ ነው። «ከበደ? ወይስ ቀለለ?» እኔም መልሼ «ለማን?» እላችኋለሁ። በዚህ መልሴ ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ይህን የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ሃያ ዓመት ሶፍትዌር ሠርቻለሁ። ጎን ለጎን ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት ነበረችኝ። ከሁለቱም የተማርኩት አንድ ነገር ነው። የጌሙን ክብደት ለመመዘን ከሁሉም የማይሆነው ሰው ራሱ ሠሪው ነው። የራሳችሁን ጌም ሺህ ጊዜ ተጫውታችሁታል። ጣታችሁ ለምዶታል። ጠላት ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ለናንተ ሜዳ የሆነው ለሌላው ገደል ነው።

ባለፈው ወር የሆነውን ልንገራችሁ። አንዱ ልጅ ፈረሰኛ ግንብ ለግንብ እየጋለበ ክፍተት የሚዘልበት ጌም ሠርቶ መጣ። ሥዕሉ ያምራል። ቢሮዬ በር ላይ ቡና የምታፈላ እህት አለች፤ «እስቲ ለሷ ስጣት» አልኩት። እጇን በነጠላዋ ጠረግ አደረገችና ተቀበለችው። የመጀመሪያው ክፍተት ላይ ወደቀች። ደገመች፤ ወደቀች። ልጁ አላስቻለውም። «እታለም፣ ቀደም ብለሽ ንኪው እንጂ!» አላት። ሦስተኛ ስትወድቅ ስልኩን መለሰችለትና «ወዲያ፣ ይሄ ለልጆች ነው» ብላ ወደ ጀበናዋ ዞረች።

«አልገባትም እኮ» አለኝ ልጁ። ገብቷታል። እኔ ጣቷን እያየሁ ነበር። ፈረሱ ጫፉ ላይ ሲደርስ ነው የነካችው፤ ዓይኗ በነገራት ሰዓት። ኮዱ ግን የፈረሱ እግር መሬት ላይ ካልሆነ አይዘልም ይላል። በሰከንድ 60 ፍሬም፣ ማለትም 60 ምስል እየቀያየረ በሚሄድ ጌም እሷ የዘገየችው አራት አምስት ፍሬም ብትሆን ነው። ከሰከንድ አንድ አሥረኛ ያነሰ! በዚያ ላይ ስልኩ ራሱ ንክኪን ለመቀበል ይዘገያል።

ማታ ሁለት ነገር አስተካከልን። ፈረሱ ጫፉን ካለፈ በኋላ ለ6 ፍሬም ያህል «ዝለል» ቢባል እንዲቀበል አደረግን። ሠሪዎች ይህን ኮዮቲ ታይም ይሉታል። ሁለተኛው፣ ፈረሱ መሬት ሳይነካ ሰው ቀድሞ ስክሪኑን ከነካ ጌሙ እንዲያስታውስለትና ልክ ሲያርፍ እንዲያዘልለት ነው። ክፍተቱን አላጠበብንም። ፍጥነቱንም አልቀነስንም። በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍተቶች አለፈቻቸው። ከዚያ ለአንድ ቀንደኛ ተጫዋች ሰጠነው፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወት ዓይነት ልጅ ነው። «ለስለስ ብሏል» አለ እንጂ ቀለለ አላለም።

ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው። ከባድ ጌም ሌላ፣ ፍርደ ገምድል ጌም ሌላ። ቀንደኛው ተጫዋች ከባድ ይወዳል። ፍርድ የጎደለውን ግን ማንም አይወድም፤ እሱ ይችለዋል እንጂ። ሰው ሲወድቅ «ጥፋቱ የኔ ነው» ካለ ይደግማል። «እኔማ ነክቼው ነበር» ካለ ስልኩን ያስቀምጣል።

ሌላም የማይበት ስህተት አለ። «ከባድ» የሚል ምርጫ ትጨምሩና የጠላቱን ጉልበት በ3 ታባዙታላችሁ። ይሄ ማክበድ አይደለም፣ ማስረዘም ነው። ያንኑ ጠላት፣ በያው መንገድ፣ ሦስት እጥፍ ጊዜ መቀጥቀጥ። ማክበድ ከፈለጋችሁ ጠላቶቹን አስተባብሯቸው። አንዱ ከፊት ሲመጣ ሌላው ከጎን ይምጣ። ተጫዋቹ እንዲያስብ አድርጉት።

የኔንም ልናገር። ከዓመታት በፊት አንድ የእንቆቅልሽ ጌም ሠራሁ። ሃያ ደረጃ ነበረው። ጌም ቤቴ የሚውሉ ሦስት ጎበዞች «ጋሼ፣ ይሄማ የሕፃን ነው» አሉኝ። ቅር አለኝና ሦስተኛውን ደረጃ አከበድኩት። ሦስቱ ወደዱት። ሌላው ሰው ሦስተኛው ላይ ቀረ። አንድ ሰው እንኳ መጥቶ «ከበደኝ» አላለኝም። ቀስ ብለው ትተውት ሄዱ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ቀለለኝ የሚለው ይጮሃል፣ የከበደው ዝም ብሎ ይወጣል። ዝም ያለውን የምትሰሙት አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስታዩት ብቻ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ያሰቡበት ሠሪዎች አሉ። ሄድስ የሚባለውን የ2020 እ.ኤ.አ. ጌም ተመልከቱ። ተጫዋቹ ከፈለገ አንድ ምርጫ ያበራል፤ የሚደርስበት ጉዳት በ20 በመቶ ይቀንስለታል። በሞተ ቁጥር 2 በመቶ ይጨመርለታል፣ 80 ላይ ይቆማል። ታሪኩ አይቀነስበትም፣ አንድም ክፍል አይዘጋበትም። ቀንደኛው ደግሞ ጌሙ ከሚካሄድበት የሙታን ዓለም አንዴ ካመለጠ በኋላ ቅጣቱን ራሱ እየመረጠ በራሱ ላይ ይጭናል። አንድ ጌም፣ ሁለት ዓይነት ሰው፣ ሁለቱም ተከብረው።

«በከባድነቱ የታወቀው ጌም ዳርክ ሶልስስ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በ2011 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ቀላል የሚባል ምርጫ አልነበረውም፤ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ። ያቃተው ሰው ሌላ ተጫዋች ለእርዳታ ይጠራል። ወይም ሄዶ ጉልበቱን ገንብቶ ይመለሳል። መውጫው ምርጫ ገጹ ላይ ሳይሆን ጌሙ ውስጥ ነው ያለው። ከባድነቱን ብቻ ቀድታችሁ መውጫውን ከረሳችሁ ጌማችሁን የሚጨርሰው እናንተ ብቻ ትሆናላችሁ።

ጌም ቤት ውስጥ ልጆቹ ራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ፊፋ ሲጫወቱ ጎበዙ አምስት ኮከብ ያለውን ቡድን ለጀማሪው ይለቅና እሱ ሁለት ኮከብ ያለውን ይይዛል። ማንም አላስተማራቸውም። ጀማሪው አይዋረድም፣ ጎበዙም አይሰለቸውም፣ ሁለቱም ላባቸውን ጠርገው ይነሳሉ። እርዳታው ደግሞ በግልጽ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል።

በድብቅ መርዳትም አለ። ሬዚደንት ኢቪል 4 የተባለው ጌም በ2005 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንን ነው። ደጋግማችሁ ስትሞቱ ጠላቶቹ ሳይነግሯችሁ ለዘብ ይላሉ፤ ስትበረቱ ይበረታሉ። ጥሩ ሲሠራ ግሩም ነው። ሲነቃበት ግን አለቀ። በጌም ቤቴ ስንቱ ልጅ በመጨረሻው ደቂቃ ጎል ሲገባበት «ጌሙ ራሱ ነው ያስገባው!» ብሎ መቆጣጠሪያውን ሊወረውር ቃጣው! አንዴ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ከገባ ማሸነፉም አይጣፍጥም። ጀማሪ ከሆናችሁ እርዳታውን ግልጽ አድርጉት፣ ምርጫውንም ለተጫዋቹ ስጡት።

ጎንደር ላይ ሆኜ ስለ ደረጃ ሳስብ የቅኔ ቤቱ ይመጣብኛል። ታላቅ ወንድሜ የቅኔ ተማሪ ነበር። የኔታ መወድስ ከሚባለው ረጅም የቅኔ ዓይነት አላስጀመሩትም። ጉባኤ ቃና በሚባለው አጭር ቅኔ ነው የጀመረው፣ በሁለት ቤት። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። ዋዜማ አምስት ነው። እያለ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ። ማታ ማታ ሁለቷን ቤት ይዞ ሲጨነቅ አየው ነበር። ጉባኤ ቃና አጭር ናት ብሎ የሚንቃት የለም፤ ሊቃውንቱም ይቀኙባታል። ሙሉ ቅኔ ናት። የጌማችሁም የመጀመሪያ ደረጃ እንዲሁ ሙሉ ጨዋታ ይሁን። ለጀማሪ ተብሎ የተሰጠ ፍርፋሪ አይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ስትሠሩ ደህና ስልክ ይዛችሁ ነው። ለጊዜ ማሳለፊያ የሚጫወተው ሰው ግን መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ሚሞሪው የሞላ ስልክ ነው ያለው። እናንተ ጋ 60 ፍሬም የሚሄደው እሱ ጋ 25 ይሄዳል። ሳታውቁት ጌሙን አክብዳችሁበታል ማለት ነው። በርካሹ ስልክ ሳትሞክሩ አትልቀቁት። ደግሞ በየደረጃው ሴቭ ይደረግ። ባትሪው 3 በመቶ ላይ እያለ መብራት የሄደበት ሰው እንደገና ከአንድ አይጀምርም።

ያቺ ቡና የምታፈላው እህት አሁን አሥራ አራተኛው ደረጃ ላይ ናት። ተይዛለች፤ ሦስት ቀኗ ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ ስልኩን ትቀበለዋለች። ልጁ በርጩማ ስቦ አጠገቧ ይቀመጣል። ሁለት እጁን ኪሱ ከቷል። ጣቷን ያያል እንጂ ቃል አይናገርም።