መልስ፦ የማይከፈተውን የአውቶቡስ መስኮት በሚከፈት መቀየር

ወንድሜ፣ «የቆየ የከተማ አውቶቡስ ላይ ድፍኑን መስኮት አውጥቶ የሚከፈት ማስገባት ይቻላል ወይ?» ላልከው፣ በደንብ ይቻላል። ለንደንም አድርጋዋለች። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባለ ሁለት ፎቅ ሩትማስተር መስኮቱ አይከፈትም ነበር። ማቀዝቀዣው አልችል ሲል ላይኛው ፎቅ በበጋ ምድጃ ሆነ፤ ሕዝቡም ጮኸ። በ2015 የከተማዋ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት 2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ መድቦ የሚከፈት መስኮት ሊያስገጥም ወሰነ። ሲሠራ ቢታሰብበት ኖሮ ምን ነበረበት!

አንተ መጀመሪያ የምታየው መስታወቱ በምን እንደተያዘ ነው። በጎማ ከሆነ ቀላል ነው፤ ጎማው ይወጣና ባለ ፍሬሙ የሚከፈት መስኮት ይገባል። በማጣበቂያ ከተለጠፈ ግን ሥራ አለው። ማጣበቂያው በሽቦ ወይም በቢላ ይቆረጣል፣ ከአሮጌው ስስ ሽፋን ብቻ ተትቶ አዲሱ እላዩ ላይ ይደረጋል። ቢላው የጫረው ብረት ፕራይመር (ዝገት የሚከላከል የመጀመሪያ ቅብ) ካልተቀባ ዝገት ይበላዋል፤ ብዙ ጋራዥ እዚች ጋ ነው የሚቸኩለው። ማጣበቂያው ሳይደርቅም መኪናው አይነሳ።

ደግሞ መስኮቱ ሙሉ በሙሉ እንዲከፈት አታድርግ። ከላይ በኩል ወደ ውስጥ የሚያጋድል ጠባብ መስኮት ይበቃል፤ ልጅም ጭንቅላቱን አያወጣበትም። የአደጋ ጊዜ መውጫ የሆነውን መስኮት ግን እንዳትነካው።